እንሽላሊቷ «በረደኝ» አላለችኝም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ትዳር አይደለም። ስለ አንዲት እንሽላሊት ነው። «በቃ፣ ሰውዬው አበደ» ብላችሁ ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። እኔም እንሽላሊት መብራት ተበርቶላት፣ ሙቀት ተለክቶላት እንደምትኖር መጀመሪያ ስሰማ ከት ብዬ ስቄያለሁ። በኋላ ግን ያቺ የሳቅኩባት ፍጡር በእጄ ልትሞት ስትል ሳቄ ወደ ላብ ተለወጠ። ታሪኩ ይኸውላችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አበሻ የሞላባት ከተማ ናት፤ እንጀራው አለ፣ ቡናው አለ፣ ሐሜቱም አልቀረም። ከታላቅ እህቴና ከ12 ዓመት ልጇ ጋር አንድ አፓርታማ ውስጥ ነን። መኝታ ቤቶቹ የእነሱ ናቸው፣ ሳሎኑ የእኔ። ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ፣ ቀን ሶፋዬ ላይ እተኛለሁ።

የልጁ አባት ከቤት ከወጣ 3 ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ አፉ ተዘጋ። ስትጠይቁት «ደህና ነኝ» ይልና የክፍሉን በር ይዘጋል። አፓርታማው ውሻ አያስገባም። እህቴ ሲጨንቃት አንድ ቀን ይህችን እንሽላሊት ገዝታለት መጣች። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ ማታ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ልጁ ሲያወራ ሰማሁ። ስልክ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚያወራው ለእንሽላሊቷ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ሁሉም ነገር። እህቴ ኩሽና ውስጥ ቆማ እያዳመጠች ታለቅሳለች። እንግዲህ ነገርዬው የእንሽላሊት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከወዲሁ ያዙልኝ።

እንስሳዋ «ቢርድድ ድራገን» ትባላለች፤ ጢማም ማለት ነው። ስትቆጣ ወይም ሲከፋት አንገቷ ሥር ያለው ቆዳ ይነፋና ይጠቁራል። የዘሯ አገር የአውስትራሊያ በረሃ ነው። አውስትራሊያ የዱር እንስሶቿን ለንግድ ወደ ውጭ ማውጣት ስለከለከለች፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት እዚያው በሰው እጅ የተፈለፈሉት ናቸው። ዘመዶቿ ግን እኛም አገር አሉ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ድንጋይ አጥር ላይ ፀሐይ እየሞቀ አንገቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ገበሎ ያውቀዋል፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። እኔ ደግሞ ገንደ ቆሬ ያንን ገበሎ በድንጋይ ስፈነክት ነው ያደግኩት። የሠሩት ሥራ መቼም አይቀርም!

«ምንም አትቀይር»

ባለፈው ታኅሣሥ እናታችን ድሬዳዋ በሳንባ ምች ታመመች ተባለ። እህቴ ልጇን ይዛ በረረች። እኔስ? የጥገኝነት ወረቀቴ ገና ስላላለቀ ከወጣሁ መመለስ የለም። እናት ታማ እኔ እንሽላሊት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ያኔ የተሰማኝን ንዴት አትጠይቁኝ።

ልጁ ከመሄዱ በፊት ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጠፈልኝ። «የምትሞቅበት ድንጋይ 105። ቀዝቃዛው ጥግ 78። መብራቱ 12 ሰዓት ይበራል፣ 12 ሰዓት ይጠፋል። ጎመን ጠዋት ጠዋት።» ከሥሩ ደግሞ በተጣመመ የአማርኛ ፊደል «አንክል ምንም አትቀይር» ይላል። እኔ ግን ሁሉንም ቀየርኩት።

አትፍረዱብኝ፣ ሒሳቤን ስሙ። 105 የአሜሪካኖቹ ፋራናይት ነው፤ በእኛ ሲመነዘር ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። 40 ዲግሪ የገባ ሰው እኮ ወደ ሐኪም ቤት ነው የሚሮጥበት! «ይሄ ልጅ እንስሳዋን ሊጠብሳት ነው» ብዬ 100 ዋቱን አምፖል አውጥቼ 40 ዋት አስገባሁ። የመስታወት ሳጥኗ ያለው ሳሎን ውስጥ ነው፤ እኔ ቀን ስተኛ ብርሃኑ ዓይኔን ስለሚወጋኝ 12 ሰዓቱን ወደ 4 ሰዓት ዝቅ አደረግኩት። ማታ ወደ ሥራ ስወጣ ደግሞ «ባዶ ቤት ምን ያሞቁታል?» ብዬ የቤቱን ማሞቂያ ወደ 60፣ ማለትም ወደ 16 ዲግሪ ግድም አወረድኩት። የመብራት ሒሳብ የሚከፍል ሰው ይረዳኛል።

ለመጠንቀቅ ያህል እጄን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ዳሰስኩ። ሞቅ ይላል፣ ደስ ይላል። «ለእኔ ከተመቸኝ ለሷ ምን ይጎድላታል?» አልኩ። ስሕተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በ6ኛው ቀን ጎመኑን ማየት ተወች። ሰውነቷ ጠቆረ፣ ዓይኗን ጨፍና ትውላለች። ፌንጣ ባቀርብላት ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ ስደነግጥ ሰው አይደለሁም። ወደ እንስሳት ዕቃ መሸጫ ሮጥኩና ኤሌክትሪክ ላይ የሚሰካ «የሚሞቅ ድንጋይ» የሚሉትን ገዛሁ። በዚያ ላይ 150 ዋት አምፖል ጨመርኩ። «አሁን ትሞቂያታለሽ!» ብያት ወደ ሥራ ሄድኩ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ጠዋት ስመለስ ድንጋዩ ላይ ተዘርግታ፣ አፏን ከፍታ አገኘኋት። ሳነሳት የሆዷ ቆዳ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቃጠሎ አየሁ። ሳጥኑ በሙሉ እንደ ምድጃ ግሏል፤ የምትሸሽበት ጥግ እንኳ አልነበራትም። በፎጣ ጠቅልዬ ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ስወጣ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ስለ አንድ ገበሎ ነፍስ እየተሳልኩ ነበር።

«ስንት?»

እንስሳት ሐኪሟ ገና ሳትመረምራት ጠየቀችኝ፤ «የምትሞቅበት ቦታ ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሞቃት ነው» አልኳት።

«ስንት?»

«በጣም ሞቃት።»

«በምን ለካኸው?»

«በእጄ።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወንበር ሰጥታኝ እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። ያን ቀን የገባኝን በእኔ ቋንቋ ላካፍላችሁ።

እኛ ሰዎች ምድጃችን ውስጣችን ነው። ብርድም ይሁን ሙቀት ሰውነታችን 37 ዲግሪ ግድም ይዞ ይቆያል፤ ለዚያ ነው ቶሎ ቶሎ የምንበላው። እንሽላሊት፣ እባብና ኤሊ ግን ምድጃቸው ውጭ ነው። «ቀዝቃዛ ደም» የሚባለው ስም ያሳስታል፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣች እንሽላሊት ደሟ ከእኛ ሊሞቅ ይችላል። የበላችውን ለመፍጨት፣ ለመሮጥ፣ በሽታ ለመከላከል ከውጭ ሙቀት መቅዳት አለባት። ሙቀት ካላገኘች ሆዷ ሥራ ያቆማል፤ ምግቡ ሳይፈጭ ውስጧ ይቀመጣል። የእኔዋ ጎመን እምቢ ያለችው ጠግባ ወይም ኮርታ አይደለም። የሚፈጭላት እሳት ስለጠፋ ነው።

ሙቀት ይበቃታል ማለት ግን ዝም ብሎ ማጋል ማለት አይደለም። ይህንን ራይመንድ ኮውልስና ቻርልስ ቦገርት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች በ1944 (እ.ኤ.አ.) ስለ በረሃ እንስሳት ባሳተሙት ጥናት አሳይተውታል። የበረሃ እንሽላሊቶች ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሱ የሰውነታቸውን ሙቀት በጠባብ ልክ ይጠብቃሉ። ጥላ የሌለው ፀሐይ ላይ ያሰራችኋት እንደሆነ ግን በረሃ የተወለደችውም ብትሆን ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ፀሐይዋን ነጠቅኳት፤ በሁለተኛው ጥላዋን።

ማታ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ ሳነብ ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘሁ። በ1974 እና በ1975 (እ.ኤ.አ.) ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ የበረሃ ኢግዋና የሚባሉትን እንሽላሊቶች ባክቴሪያ ወጓቸው። የታመሙት እንሽላሊቶች በራሳቸው ጊዜ ከወትሮው ወደሚሞቀው ቦታ ሄዱ፤ እኛ ሲያመን ትኩሳት እንደሚይዘን እነሱ ትኩሳታቸውን በእግራቸው ሄደው ያመጡታል ማለት ነው። በሞቀው ቦታ የተያዙት ከቀዝቃዛው ይልቅ በብዛት ተረፉ። ያቺ «ምስኪን» የምትሏት እንሽላሊት እንግዲህ ምን እንደሚያሻት ታውቃለች። የሚጎድላት ምርጫ ብቻ ነው።

ሳጥኑን እንደገና ሠራሁት

ቁጠባ ያልኩት ነገር የሁለት ቀን ደሞዜን ለሕክምና ከበላ በኋላ ሥራውን ከሥሩ ጀመርኩ። እንደዚህ ዓይነት እንስሳ ያለው ዘመድ ውጭ አገር ያላችሁ ይህችን ቆርጣችሁ ላኩለት።

አንደኛ፣ ሳጥኑ ረጅም ይሁን። የእኛው ወደ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። አጭር ሳጥን ውስጥ አንድ አምፖል ሁሉንም ጥግ ያግላል፣ መሸሻ አይኖርም። ሙቀቱን መሐል ላይ አታድርጉት፤ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ይሁን። የምትሞቅበት ድንጋይ ወይም ግንድ ላዩ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ይድረስ፤ ሌላኛው ጫፍ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ ይኑራት፤ ለመቀዝቀዝ ብላ ገላዋን ማጋለጥ የለባትም። እነዚህ ቁጥሮች ለዚህች ዘር ናቸው፤ ሌላ እንስሳ የራሱ ልክ አለው።

ሁለተኛ፣ ሙቀቱ እንደ ፀሐይ ከላይ ይምጣ። ያ ኤሌክትሪክ ድንጋይ የሄደው ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ነው። አንዱ ቦታው ይግላል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል፤ እነዚህ እንስሳት ደግሞ ሆዳቸው ሥር ያለው ሙቀት እያቃጠላቸው እንኳ ሳይነሡ ሊቀሩ ይችላሉ። አምፖሉ ሊነካ በማይችልበት ቦታ ይሰቀል፣ በሽቦ መከለያ ይታጠር፣ መያዣውም ሙቀት የሚችል የሸክላ ይሁን። በመቆንጠጫ ብቻ አንጠልጥላችሁ ከቤት አትውጡ፤ የወደቀ የሙቀት አምፖል ምንጣፍ ያነዳል።

ሦስተኛ፣ ቴርሞስታት ይግባ። ሙቀቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ የሚቀንስ፣ ሲወርድ የሚጨምር ዕቃ ነው። ለአምፖል የሚሆነው ብርሃኑን ቀስ እያለ የሚያደበዝዘው ዓይነት ነው፤ ብርሃን ለሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ግን የሚያጠፋና የሚያበራውም ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ቴርሞስታቱ ሙቀት የሚያውቀው በሽቦው ጫፍ ባለችው መለኪያ ነው። እሷ ተነቅላ ቀዝቃዛው ጥግ ከወደቀች «ገና በርዷል» ብሎ ማሞቁን አያቆምም። ስለዚህ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ቴርሞስታት አለኝ ብላችሁም መለካቱን አትተዉ።

አራተኛ፣ መለካት! መስታወት ላይ የምትለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር የምትነግራችሁ የግድግዳውን ወሬ ነው። እኔ ሁለት ዲጂታል ቴርሞሜትር አስገባሁ፣ አንዱ ሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጫፍ። ለድንጋዩ ደግሞ በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረውን የሚመስል፣ ግን ለዕቃ የሚሆን መለኪያ ገዛሁ። ድንጋዩ ከጋለ አምፖሉን ከፍ፣ ከቀዘቀዘ ዝቅ፤ ወይም ዋቱን መቀየር ነው። እንስሳዋ ከመግባቷ በፊት አንድ ሙሉ ቀን አብርታችሁ ፈትሹት።

አምስተኛ፣ ሙቀት ብቻውን ፀሐይ አይደለም። አልትራቫዮሌት የሚሰጥ ለብቻው የሆነ መብራት ያስፈልጋታል፤ ያለሱ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ የምትበላው ካልሲየም ለአጥንቷ አይደርስም። «መስኮት ሥር አስቀምጫታለሁ» አይሠራም፤ መስታወት ያንን ጨረር ያስቀረዋል። መብራቱ እየበራም ቢሆን ኃይሉ ስለሚያልቅ በጊዜው ይቀየራል።

ሌሊት ግን ሁሉም ይጥፋ። በረሃም ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እሷም መተኛት አለባት። ቤቱ ከ18 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ብቻ ብርሃን የሌለውን ሴራሚክ መጠቀም ነው። እኔ ምን አደረግኩ? የቤቱን ማሞቂያ ማውረዱን ተውኩና ዓይኔን በጨርቅ ሸፍኜ መተኛት ለመድኩ። መብራቱ የሷ ነው፣ ጨርቁ የእኔ።

የእናቴ በርጩማ

ቁስሏን ቅባት እየቀባሁ፣ አሸዋውን አውጥቼ ጋዜጣ እያነጠፍኩ ሳለሁ ከድሬ ስልክ ተደወለ። እናቴ ከሆስፒታል ወጥታለች።

«አንተ ልጅ» አለችኝ በደከመ ድምፅ፣ «ማንን ነው የምታስታምመው?»

«እንሽላሊት እማዬ። እንደ ገበሎ ያለች።»

«ያ በድንጋይ ስትፈነክተው የነበረው? ዕዳህን እየከፈልክ ነው በለኛ!» ብላ ስትስቅ ሳሏ ተነሣ።

እህቴ ስልኩን ተቀብላ፣ «አታስቀምጥም እኮ!» ብላ አማረረች። «ጠዋት በርጩማዬን ፀሐይ ላይ አውጡልኝ ትላለች። ሲተኩስ ኒሙ ሥር አስገቡኝ። ደግሞ መልሳ አውጡኝ። ክፍል ውስጥ ተኝታ ብትታመም ምናለበት?»

«ተዪአት፣» አልኳት፣ «ታውቅበታለች። ብቻ በርጩማውን ያዢላት።»

ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበር እኮ። የድሬ ሰው ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል፣ ሌሊት ሙቀት ሲበዛ አልጋውን ወደ ግቢ ያወጣል። ማንም ቴርሞሜትር አልነበረውም፤ ግን ማንም አንድ ቦታ ቁጭ ብለህ ጥበስ አልተባለም።

«ዛሬ ስንት ነህ?»

በጥር መጨረሻ ተመለሱ። ልጁ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ጎመኗን እየቆረጠመች ነበር። አነሣት፣ ገለበጣት፣ ሆዷ ላይ ያለውን ጠባሳ አየ።

መዋሸት እችል ነበር። «ተጭራ ነው» ብል ማን ይመሰክርብኛል? ግን ሁሉንም ነገርኩት፤ አምፖሉን፣ ሶፋውን፣ ድንጋዩን፣ ሐኪሟን። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ለምን ቀየርከው?» አለኝ።

«ለእኔ የተመቸኝ ለሷም የሚመች መስሎኝ።»

መለኪያውን አንሥቶ ድንጋዩ ላይ ደቀነ። 104። ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ደቀነ። 78። ከዚያ ዞረና የእኔ ደረት ላይ ደቀነው። «አንተስ ስንት ነህ አንክል?» ከሦስት ዓመት በኋላ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው።

እናም አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ልጅ «ደህና ነህ?» ስንለው የኖርነው እጄን ሳጥኑ ውስጥ እንዳስገባሁት ነው። «ደህና ነኝ» ማለት «ሞቃት ነው» ከማለት አይሻልም። እናቱ ስትጨነቅ አጠገቧ አስቀምጣ ስታነዝንዘው፣ እኔ ስናደድ ብቻውን ስተወው፣ ሁለታችንም በየራሳችን ገላ ነበር የምንለካው።

አሁን ከሥራ ስመለስ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል እይዘውና «ዛሬ ስንት ነህ?» እለዋለሁ። «95» ካለኝ ወሬ አለው ማለት ነው፤ ቡናዬን ይዤ እቀመጣለሁ። «78» ካለኝ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ነው፤ አልጎትተውም፣ በሩንም አላንኳኳም። መብራቱ እንደበራ ያውቃል። ሲፈልግ ይወጣል።

እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁ ይህን አንብባችሁ እንሽላሊት ወይም ኤሊ ከቆላ አምጡልን እንዳትሉ! የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ሕግም ይከለክላል፣ የአዲስ አበባም ሌሊት ለቆላ እንስሳ ብርድ ነው። ግን ብዙዎቻችሁ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታችሁ በአምፖል ታሳድጋላችሁ አይደል? ዘዴው ያው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ ውረዱ። አምፖሉን በአንድ በኩል ስቀሉና እዩአቸው። አምፖሉ ሥር ከተቆለሉ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው ግድግዳ ከያዙ አቃጥሏቸዋል፤ በየቦታው ተበታትነው ከጫሩ ደህና ናችሁ።

መናገር የማይችል ሁሉ ልኩን በእግሩ ይናገራል። የሚሄድበት ቦታ ብቻ ተዉለት።

ቸር ሰንብቱ።